ላይብረሪው «ዲጂታል ይሁን» ተባለ፤ እናንተ ምን ትላላችሁ?

መንዜዋ፦
ሰላም ናችሁ የሰሜን ሸዋ ልጆች። መንዝ ውስጥ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ላይብረሪ ነው የምሠራው። የትኛው እንደሆነ ይቅር። ከዚህ ተምረው አዲስ አበባና ውጭ አገር የሚኖሩ የድሮ ተማሪዎች ለላይብረሪው ብር አዋጥተዋል፤ እግዜር ይስጣቸው። ጭቅጭቁ ብሩ ምን ይደረግበት የሚለው ላይ ነው። ኮሚቴው ለሁለት ተከፍሏል። አንዱ ወገን ታብሌት ይገዛ፣ መደርደሪያው ይነሳ፣ በሩ ላይ «ዲጂታል ላይብረሪ» ተብሎ ይጻፍ ይላል። ሌላው ልጆቹ የመማሪያ መጽሐፍ እንኳ የላቸውም፣ መጀመሪያ እሱ ይሟላ ባይ ነው። እኔን የጠየቀኝ የለም፤ ግን ከነሐሴ ጀምሮ እንቅልፍ ነስቶኛል።

ያለንን ልንገራችሁ። መደርደሪያው ከሩቅ ሲያዩት ሙሉ ነው። ግማሹ የድሮው ሥርዓተ ትምህርት መጽሐፍ ስለሆነ አሁን የሚነካው የለም። ሌላው በእርዳታ የመጣ ነው። ስለ ካናዳ የግብር ሕግ የሚያትት ወፍራም መጽሐፍ አለን፣ ሽፋኑ እስከ ዛሬ ያብረቀርቃል! የሚያልቁት ሌሎች ናቸው። መዝገበ ቃላቱ ጀርባው ተገንጥሎ በፕላስተር ነው የቆመው። የቆዩ የ12ኛ ክፍል ፈተናዎች ጥራዝ ወረፋ አለበት። የባዮሎጂው መጽሐፍ ላይ የኩላሊት ሥዕል ያለበት ገጽ ተቀዷል። ቀዳጁን አውቀዋለሁ፣ ጎበዝ ተማሪ ነው። ምን ልበለው?

እናንተ በእኔ ቦታ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?

ባለፎቶኮፒው፦
እህቴ፣ እኔ ደብረ ብርሃን ፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ስለ ታብሌት ብዙ አላውቅም፣ ስለ «ሶፍት ኮፒ» ግን እኔን ጠይቂኝ። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የመጣ ጊዜ መጽሐፉ ታትሞ ሳይደርስ ፒዲኤፉ በቴሌግራም ቀድሞ ደረሰ። ያን ሰሞን ከደነባ፣ ከሰላ ድንጋይ ሳይቀር ፍላሽ በመሐረብ ቋጥረው የሚመጡ አባቶች ነበሩ። «ልጄ ይችን አሳትመህልኝ ና ብሎኛል» ይሉኛል። ስንት ገጽ እንደሆነ አያውቁም። ሒሳቡን ስነግራቸው ዝም ብለው ፍላሹን ያዩታል፤ ከዚች ትንሽ ነገር ይኼ ሁሉ ብር እንዴት ይወጣል ብለው ነው መሰል።

ታዲያ ብር እንዲቀንስላቸው ሁለት ገጽ በአንድ ወረቀት፣ ፊትና ጀርባ፣ በጥቁርና ነጭ አትሜ እጠርዝላቸዋለሁ። ጽሑፉ ይነበባል። ሥዕሉ ግን አለቀለት። የጂኦግራፊው ካርታ ከእኔ ማሽን ሲወጣ ወንዙና አስፋልቱ አይለይም፣ ደጋውም ቆላውም አንድ ግራጫ ነው። ከዚያ ልጁ «በአረንጓዴ የተመለከተው ቦታ ምን ይባላል» ተብሎ ይጠየቃል። አረንጓዴ ከየት ይምጣ?

እኔ አትርፌበታለሁ፣ አልዋሽም። ግን «መጽሐፉ በሶፍት ኮፒ ተለቋል» ሲባል የማተሚያ ቤቱ ሒሳብ ወደ ወላጅ ኪስ ዞረ ማለት መሆኑን ማንም አይናገርም። በብዛት ሲታተም ርካሽ የሚሆነውን ነገር እኔ ጋ መጥቶ አንድ በአንድ በውድ ያሳትመዋል። እሱም አቅም ያለው ነው። የሌለው ልጅ በጓደኛው ስልክ አጮልቆ ያነባል።

የሮቢት ልጅ፦
ወንድሜ፣ እውነትህን ነው። ግን ፒዲኤፉ ባይኖር ኖሮ እነዚያ አባቶች ባዶ እጃቸውን አልነበር እንዴ የሚመለሱት? ጥፋቱ የፋይሉ አይደለም፣ ሕትመቱ መዘግየቱ ነው።

መንዜዋ፣ እኔ ሸዋሮቢት ኮምፒውተር ጥገና ላይ ነኝ። ምክሬን ከሰማሽ ታብሌት አትግዙ። ባትሪው ይደክማል፣ ስክሪኑ ይሰበራል፣ እዚያ የሚጠግነው የለም። ከዚያ ቁልፍ ያለው ቁም ሣጥን ውስጥ ይገባና ጎብኚ ሲመጣ ብቻ ይወጣል። ይልቅ ራስበሪ ፓይ የምትባል መዳፍ የማትሞላ ኮምፒውተር አለች። እሷ ላይ ኪዊክስ የሚባለውን ነፃ ሶፍትዌር ትጭኛለሽ፣ ዊኪፔዲያን ያለ ኢንተርኔት ያስነብባል። የመማሪያ መጽሐፎቹን ፒዲኤፍና የቆዩ ፈተናዎችንም ትጨምሪበታለሽ። ዋይፋይ ትሰጣለች፣ ዳታ አትጠይቅም፣ ልጆቹ በያዙት ስልክ ላይብረሪ ተቀምጠው ይከፍቱታል። መብራት ሲጠፋ በፓወር ባንክ ትሠራለች። ወጪዋ ከአንድ ደህና ስልክ አይበልጥም።

ሌላው፣ የ12ኛ ክፍል ፈተና ከ2016 ጀምሮ ለተወሰኑ ተፈታኞች በኮምፒውተር መሰጠት ጀምሯል። ወደፊት ለሁሉም ይሆናል ነው የሚባለው። የመንዝ ልጅ ማውስ መጀመሪያ የሚጨብጠው ፈተናው ቀን ነው እንዴ? ስለዚህ ያገለገሉ ሦስት አራት ዴስክቶፖች ብትገዙ አይከፋም።

የጡረታ መምህር፦
ልጆች፣ ይኼን ታሪክ አንድ ጊዜ አይተነዋል። ፕላዝማ ትዝ ይላችኋል? በ1997 አካባቢ ነው። በየሁለተኛ ደረጃው ክፍል ግድግዳ ላይ ቴሌቪዥን ተሰቀለ፣ ትምህርቱ በሳተላይት በእንግሊዝኛ ይመጣል። እኔ ፊዚክስ ነበር የማስተምረው፤ በአንድ ክረምት ሪሞት ያዥ ሆንኩ። ስክሪኑ ላይ ያለው አስተማሪ ጥያቄ ይጠይቃል፣ ጥቂት ሰከንድ ይጠብቃል፣ ከዚያ «በጣም ጥሩ!» ብሎ ያልፋል። ማን መለሰለት? ልጆቹ ጥያቄውን ገና እየገለበጡ ነው። መብራት ከሄደ ደግሞ የዚያን ቀን ትምህርት ሄደ ማለት ነው፣ ተመልሶ አይመጣም።

ዕቃው መጥፎ አልነበረም። አንዳንዱ ሙከራ እኛ ላብራቶሪ በሌለን ትምህርት ቤት በሕልማችንም የማናየው ነበር። ጥፋቱ ማንም እኛን «ይኼ ነገር ክፍልህ ውስጥ እንዴት ይሁንልህ?» ብሎ አለመጠየቁ ነው። አሁንም መንዜዋ «የጠየቀኝ የለም» ስትል ያንኑ ነው የሰማሁት። ላይብረሪ ውስጥ ቀኑን ሙሉ የምትውለው እሷ ናት። የትኛው መጽሐፍ እንዳለቀና ለምን እንዳለቀ የምታውቀው እሷ ናት። ኮሚቴው ከእሷ ይጀምር።

በጥቅምት 2015 የ12ኛ ክፍል ፈተና ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሲሰጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነበር፣ ታስታውሳላችሁ። ከዚያ ወዲህ ሁሉም የየራሱን መድኃኒት ይዞ ብቅ ብሏል። ታብሌቱም ከመድኃኒቶቹ አንዱ ነው።

ባሶዬ፦
ጤና ይስጥልኝ። እኔ የባሶና ወራና ልጅ ነኝ፣ መጽሐፍ እጽፋለሁ። ስሜን አልናገርም፣ ብናገርም አታውቁኝም። ስለ ፒዲኤፍ ሲነሳ ዝም ማለት አልቻልኩም።

እዚህ አገር አብዛኛው ደራሲ ራሱ አሳታሚ ነው። ብር ተበድሮ፣ ዕቁብ ጥሎ፣ ከዘመድ ለቃቅሞ ነው ማተሚያ ቤት የሚገባው። ወረቀቱም ቀለሙም ፕሌቱም በዶላር ነው የሚመጣው። ሐምሌ 2016 ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ እኔ ዋጋ ጠይቄ ገና ብር እያሰባሰብኩ ነበር። ተመልሼ ስሄድ ሌላ ዋጋ ጠበቀኝ። ቅጂ ቀነስኩ። ቅጂ ሲቀንስ ደግሞ የአንዱ ዋጋ ይጨምራል፣ ስለዚህ የሽፋን ዋጋው ወጣ። አከፋፋዩ ድርሻውን ቀድሞ ይቆርጣል፣ የእኔን ሲሸጥ ይከፍላል፤ መቼ እንደሚሸጥ እሱ ያውቃል።

ታትሞ በወጣ በሁለተኛው ሳምንት ቴሌግራም ላይ አገኘሁት። በስልክ ካሜራ ገጽ በገጽ ያነሣው ሰው ትዕግሥቱ ይገርማል። ከታች ጥግ ላይ አውራ ጣቱ ይታያል፣ ጥፍሩ ጥቁር ሆኗል፣ በር የተዘጋበት ይመስለኛል። መጽሐፌን ስከፍት አሁን የማየው ያን ጣት ነው። ለቻናሉ ባለቤት ጻፍኩለት። «ለትውልድ ብዬ ነው፣ ገንዘብ አልሠራበትም» አለኝ። በመጽሐፌ ማስታወቂያ ስር የውርርድ ማስታወቂያ አለ!

ሕጉ አለ። አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሆን ብሎ የቅጂ መብት የጣሰን ከ5 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እሥራት ያስቀጣል ይላል። ወረቀት ላይ ከዚህ በላይ የሚያስፈራ ሕግ የት አለ? ግን ማንን ልክሰስ? አውራ ጣትን?

የይፋት ልጅ፦
ጋሼ፣ ያናድዳል፣ አዝናለሁ። ግን የእኛንም ስሙን። እኔ ያደግኩበት ከተማ «የመጻሕፍት መደብር» የሚል ጽሑፍ ያለው ሱቅ የሚሸጠው ደብተር፣ ስቴፕለርና የስልክ ሽፋን ነው። ልብ ወለድ የለም። አዲስ አበባ ደርሶ የሚመለስ ሰው እስኪገኝ መጠበቅ አለብሽ፣ ብሩንም ከየት ታመጪዋለሽ? እኔ ማንበብ የለመድኩት ማታ ብርድ ልብስ ውስጥ፣ ስክሪኑ በተሰነጠቀ ስልክ፣ በቴሌግራም ፒዲኤፍ ነው። ያን ቻናል ባላገኝ ኖሮ ዛሬ የማላነብ ሰው ነበርኩ። አሁን ዩኒቨርሲቲ ነኝ፣ ስችል እገዛለሁ።

እና በግልጽ ልናገር፣ ግቢ ውስጥ አሳይንመንት በቻትጂፒቲ የማይሠራ ተማሪ ጥቂት ነው። አማርኛው አሁንም ያስቃል፤ እንግሊዝኛውን ግን አስተማሪውም አይለየውም። ላይብረሪ የሚሞላው በፈተና ሰሞን ነው፣ ያኔም ብዙው የሚመጣው ለሶኬቱ ነው። ስልክ ቻርጅ አድርጎ የራሱን ፒዲኤፍ ያነባል። መጽሐፍ የሚያወጣ ልጅ ሳይ ዘወር ብዬ አየዋለሁ።

ባሶዬ፦
የኔ ልጅ፣ በአንቺ አልተቆጣሁም። የእኔ መጽሐፍ ይፋት ቢደርስ ኖሮ አንቺ ከፒዲኤፉ ጋር አትገናኚም ነበር። ለዚህ ነው ላይብረሪ የምለው። አንድ የወረዳ ላይብረሪ ሁለት ቅጂ ቢገዛኝ፣ ሃምሳ ልጅ ቢያነበው፣ እኔ ደስታውን አልችለውም። የሰሜን ሸዋ ላይብረሪዎች በሙሉ ሁለት ሁለት ቢገዙ ደግሞ የማተሚያ ቤት ዕዳዬ ግማሹ ይቃለላል። ግን ማነው ለልብ ወለድ በጀት የሚይዘው? ላይብረሪዎቻችን መጽሐፍ በስጦታ እንጂ በግዢ እንደሚገኝ የረሱ ይመስላል። የካናዳ የግብር ሕግ በዚያ በኩል ነው የገባው።

ስለ ድምፅ መጽሐፍም ብዙ እየተወራ ነው። ተራኪን የመሰሉ መተግበሪያዎች መጡ፣ ክፍያውም በስልክ ሆነ። ደስ ይላል። ለሹፌሩም፣ ሱቅ ውስጥ ቁጭ ብሎ ለሚውለውም ጥሩ ነው። አንዱ ደራሲ ጓደኛዬ «እስካሁን ከወረቀቱ ይልቅ በእሱ ነው የተሰማሁት» ብሎኛል።

ቡልጋዊ፦
ሁላችሁም ስለ ሕትመት ስታወሩ ቡልጋን ሳትጠሩ ማለፋችሁ ምን ይባላል? የፊደል ገበታውን አስታውሱ እስቲ። ከላይ ፎቶ፣ ከሥር «ተስፋ ገብረ ሥላሴ ዘብሔረ ቡልጋ»። ሀሁን ከዚያች ወረቀት ያልቆጠረ የእኛ ዘመን ሰው አለ? በገበያ ቀን ከጨውና ከክብሪት ጎን መሬት ላይ ተዘርግታ ትሸጥ ነበር። አንድ ቅጠል ወረቀት! ስለቀለለች ነው አገሩን ያዳረሰችው። ለአንባቢው ኪስ የሚስማማ ነገር ከታተመ ገዢ አይጠፋም፣ ባሶዬ።

ደራሲው ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴም የመርሐቤቴ ሰው ናቸው። እሳቸውም የራሳቸው ማተሚያ ቤት ነበራቸው፣ ጎሐ ጽባሕ የሚባል። ባለሥልጣን ሆነው መጽሐፋቸውን ራሳቸው ያሳትሙ ነበር። እና ያ 410/1996 ያልከው አዋጅ የደራሲው መብት በሕይወት እስካለና ከሞተም በኋላ 50 ዓመት ነው ይላል አይደል? ኅሩይ በስደት እንግሊዝ አገር ባዝ ካረፉ ከ80 ዓመት በላይ ሆኗል። ስለዚህ የእሳቸውን ሥራ ስካን አድርጎ እንደ ልብ ማሰራጨት ይቻላል። የቴሌግራሙ ጀግና ለትውልድ ካሰበ እዚያ ይሂድ። መንዜዋ፣ ላይብረሪሽ ውስጥ «የሰሜን ሸዋ ሰዎች» የሚል አንድ ማዕዘን ብታደርጊ ከዚያ ጀምሪ። (መንዞች ቡልጋን ማስቀደሙ ይከብዳችኋል፣ ግን ቻሉት።)

የደብተራው ልጅ፦
ቡልጋዊ አሳቀኝ። እኔም ልጨምር። አባቴ መንዝ ውስጥ ያገለገሉበት ደብር ብራና አለው። እነዚያን ብራናዎች በልጅነቴ ከሩቅ ነው የማያቸው፣ በበዓል ቀን ተሸፋፍነው ይወጣሉ። ዘንድሮ አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ያለው የሂል ሙዚየምና የብራና ቤተ መጻሕፍት ድረ ገጽ ላይ የሸዋን ብራናዎች ስፈልግ ከእኛው አካባቢ አብያተ ክርስቲያናት የተነሡ አገኘሁ። በ1960ዎቹ አጋማሽ የጀመረ ፕሮጀክት ነው፣ ካሜራ ይዘው ከ9,000 በላይ ብራና በማይክሮፊልም አንሥተዋል፣ ብዙው ከሸዋ ነው። ከዚያ ወደ ዲጂታል ተለወጠና ተመዝግቦ ለገባ ሁሉ በነፃ ይታያል። ካታሎጉን ለዓመታት የሠሩት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው፤ እሳቸውም የሸንኮራ ተወላጅ ነበሩ። ነፍሳቸውን ይማር፣ በ2013 ነው ያረፉት።

ሁለት ነገር ተሰማኝ። ደስ አለኝ፣ ምክንያቱም ያ ፎቶ ባይነሣ ከዚያ ወዲህ ስንት ብራና ተሰርቋል፣ ተቃጥሏል። ከፋኝም። የአባቴ ደብር ቄስ ያን ድረ ገጽ አያውቁትም። ቢያውቁትም መግቢያው በፈረንጅ አፍ ነው። የራሳቸውን ተአምረ ማርያም ለማየት እኔን «እስቲ በስልክህ አሳየኝ» ይሉኛል። የሮቢት ልጅ፣ ያች የምትላት መዳፍ የማትሞላ ማሽን ላይ እነዚህንም ማስገባት አይቻልም?

የሮቢት ልጅ፦
ማስገባቱ ቀላል ነው፣ ግን ምስሎቹ የራሳቸው የአጠቃቀም ደንብ አላቸውና መጀመሪያ ለሙዚየሙ ጽፎ ፈቃድ መጠየቅ ነው። እኔ እንግሊዝኛውን እረዳሃለሁ።

የብራናው ነገር ሲነሳ ግን አንድ የሚያስቆጭ ልንገራችሁ። ብራናው ስንት መቶ ዓመት ቆይቶ ዛሬም ይነበባል። የእኛ የዛሬ ሃያ ዓመት ፋይል ግን አይነበብም። በየመሥሪያ ቤቱ በፓወር ግዕዝ፣ በድሮው የአማርኛ መጻፊያ ሶፍትዌር፣ የተጻፈውን በሉ። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ፣ ኮምፒውተር ሁሉ በሚጋራው የፊደላት ሥርዓት ማለት ነው፣ የገባው በፈረንጆቹ 1999 ነው፤ ጸሐፊዎቹ ግን ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመት በድሮው ፎንት ነው የቀጠሉት። ያን ፋይል ስልክ ላይ ስትከፍቱት የላቲን ፊደልና የቃለ አጋኖ ትርምስ ነው የሚሆነው። ባሶዬ፣ የመጀመሪያ መጽሐፍህ በምንድን ነው የተጻፈው?

ባሶዬ፦
በፓወር ግዕዝ! ሲዲ ላይ ነው ያለው። ሲዲ የሚያነብ ኮምፒውተር ካላችሁ እኔም ላይብረሪ እመጣለሁ።

የሮቢት ልጅ፦
ላክልኝ፣ መለወጫ አለ። ጥቂት ፊደል ይሳሳታል፣ ቁጭ ብሎ ማረም ይፈልጋል እንጂ ይወጣል። መንዜዋም የትምህርት ቤቱን የድሮ ፈተናዎች ከጸሐፊዋ ኮምፒውተር ላይ አሁኑኑ ቅጂ ይዛ ትቆይ። ያ ኮምፒውተር አንድ ቀን አልነሣም ይላል።

ጣርማበር፦
ሁላችሁም ጥሩ ብላችኋል፣ ግን ከነሐሴ 2015 በኋላ ዳታ የተዘጋብንን ጊዜ ረስታችሁታል? ወር ሁለት ወር መስሎን ነበር፣ ከረመ። ያኔ «ሁሉም ነገር በቴሌግራም አለ» ያልን በሙሉ ዓይናችን ፈጦ ቀረ። ልጄ ያነበበው የታላቅ ወንድሙን የተጠረዘ ፎቶ ኮፒ ነው፣ ያንኑ ግራጫ ካርታ ያለበትን። እኔ ኢንተርኔት የሚፈልግ ነገር ላይ አንድ ብር አላዋጣም። ያለ ዳታ የሚሠራው ይሁን፣ እሱም ቢሆን ከወረቀቱ ቀጥሎ።

መንዜዋ፦
እግዜር ይስጣችሁ፣ ይኼን ሁሉ አልጠበቅኩም። መምህር፣ ቃልዎን ለኮሚቴው አነበብኩላቸው፣ ሰብሳቢው ትንሽ ደንገጥ ብሎ «እሺ አንቺስ ምን ትያለሽ?» አለኝ። እንዲህ አልኩ። የብሩ ትልቁ ድርሻ ለመማሪያ መጽሐፍ፤ ለእያንዳንዱ ልጅ ባይደርስም ለሁለት ልጅ አንድ፣ በትምህርት ቤቱ ስም ተመዝግቦ፣ በዓመቱ መጨረሻ የሚመለስ። ከዚያ ያች ትንሿ ማሽንና ሁለት ያገለገሉ ዴስክቶፖች። ታብሌት የለም። ከተረፈ አማርኛ ልብ ወለድ፣ በግዢ፣ በደረሰኝ። ባሶዬ ሁለት ቅጂ ያስቀምጥልን።

ታብሌት ፈላጊዎቹ አኩርፈዋል። በተለይ አንዱ ፎቶ የሚነሣበት ነገር እንደሌለ ገብቶታል። የድሮውን ሥርዓተ ትምህርት መጽሐፍ ግን ምን ላድርገው? ንብረት ክፍሉ ሳይወገድ አይነካም ይላል፣ ማስወገጃ ኮሚቴው ደግሞ ከተሰበሰበ ዘመን የለውም።

የጡረታ መምህር፦
የሒሳቡንና የፊዚክሱን አታስወግጂው። ኒውተን ሥርዓተ ትምህርት ሲቀየር አልተቀየረም። መልመጃው ብዙ ነው፣ ለጎበዞቹ ለብቻ ደርድሪላቸው። የሥነ ዜጋውን ግን እንደ ፈቀድሽ።

የይፋት ልጅ፦
እኔ ክረምት ስመጣ በነፃ ካታሎጉን በኤክሴል እሠራልሻለሁ። ያ የመጽሐፍ ማዋሻ ካርድ ይብቃው በቃ። ኩላሊቱን የቀደደውን ልጅም አስተዋውቂኝ፣ መተየብ አስተምረዋለሁ።

ባለፎቶኮፒው፦
መንዜዋ፣ መጽሐፎቹ ታትመው እስኪደርሱ የ9ኛና የ10ኛ ጂኦግራፊ ካርታ ያለባቸውን ገጾች ብቻ ለይተሽ ላኪልኝ። እነሱን በቀለም አትሜ ላሚኔት አደርግልሻለሁ፣ የወረቀትና የቀለም ብቻ ትከፍሉኛላችሁ። የኩላሊቱንም ገጽ ጨምሪበት። የመሐል ሜዳ አውቶቡስ ጠዋት ከመናኸሪያ ይወጣል፣ ለረዳቱ እሰጠዋለሁ። ግን ፒዲኤፉን ከዋናው ላኪ፤ በስልክ የተነሣውን እንዳትልኪ፣ የባሶዬ አውራ ጣት እኔም ጋ እንዳይመጣ።